የወህኒ ቤት ዓላማ በመውጫው በር ይታወቃል

አማርኛ በመማር ላይ ያለ ሹም መዛግብትን ሲመለከት፣ ሰው በሕግ ታስሮ የሚጠበቅበት ቤት ብዙ ስም እንዳለው ያስተውላል። አንዱ ጸሐፊ «ወህኒ ቤት» ይለዋል፤ ሌላው «ግዞት ቤት» ብሎ ይጽፋል፤ የአዲስ አበባ ሽማግሌ «ከርቸሌ» ይለዋል፤ የዛሬው ሕግ ደግሞ «ማረሚያ ቤት» ብሎ ሰይሞታል። እነዚህ ስሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ዘመን አሳብ ተሸክመው ይገኛሉ። ወህኒ ከአፄ ፋሲለደስ ዘመነ መንግሥት ጀምሮ ለዙፋን የሚያሰጉ የነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት የነበረ በጎንደር አገር የሚገኝ አምባ ነው፤ ዓላማውም ሰውን ከሕዝብ ዓይን ማራቅ ነበር። ከርቸሌ «ካርቼሬ» ከሚለው የጣልያንኛ ቃል የመጣ ሲሆን፣ ፍችው ያው እስር ቤት ነው። ማረሚያ ቤት የሚለው ስም ግን ከሌሎቹ የተለየ ተስፋ ይሰጣል። ገበሬ እርሻውን ያርማል፤ መምህር የተማሪውን ጽሕፈት ያርማል። ገበሬው አረሙን የሚነቅለው ሰብሉ እንዲድን ብሎ ነው እንጂ ሰብሉን አብሮ ለመንቀል አይደለም።

በጎረቤታችን በኬንያም የስሙ ታሪክ ይህንኑ ይመስላል። ስዋሂሊዎች እስር ቤትን «ገሬዛ» ይሉታል፤ ይህም ቃል ቤተ ክርስቲያን የሚል ፍች ካለው የፖርቱጋል ቃል የመጣ ነው። ፖርቱጋሎች በ1593 ዓ.ም. በሞምባሳ ወደብ መሥራት የጀመሩትን የኢየሱስ ምሽግ፣ እንግሊዞች ከ1895 እስከ 1958 ዓ.ም. ድረስ እስር ቤት አድርገውት ኖረዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ዛሬ ግን የኬንያ ወህኒ ቤቶች መሥሪያ ቤት መፈክሩን በስዋሂሊ «ኩሬኬቢሻ ና ሃኪ» ብሎታል፤ ትርጓሜውም ማረምና ፍትሕ ማለት ነው። እንግዲህ አዲስ አበባም ናይሮቢም በስም ደረጃ ተስማምተዋል ማለት ነው። የቀረው ጥያቄ ቤቱ ስሙን ይመስላል ወይ የሚለው ነው። በናይሮቢ ብዙ ወገኖቻችን ስለሚኖሩ፣ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ከነዚህ ቤቶች በር ስለሚደርሱ፣ ጥያቄው ለእኛም የሩቅ ጥያቄ አይደለም።

አስቀድሞ ዓላማውን መለየት ይገባል። ሰው የሚታሰረው ስለ ምን ነው ቢባል፣ አንዱ በደለኛው እንዲቀጣ ነው ይላል፤ ሌላው ሕዝቡ ከአደጋው እንዲጠበቅ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ሌላው አይቶ እንዲፈራ ነው ይላል፤ አራተኛው ደግሞ ታሳሪው ታርሞ እንዲወጣ ነው ይላል። አራቱም እውነትነት አላቸው። ነገር ግን በ1955 ዓ.ም. በጄኔቭ በተደረገው ጉባኤ የወጣው፣ በ2015 ዓ.ም. ተሻሽሎ በኔልሰን ማንዴላ ስም የተሰየመው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ስለዚህ ነገር ሁለት ዐበይት አሳቦችን አስቀምጧል። አንደኛው፣ ነፃነትን ማጣት በራሱ ቅጣት ስለሆነ ወህኒ ቤቱ በዚያ ላይ ሌላ ሥቃይ መጨመር የለበትም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሕዝብን ከወንጀል መጠበቅ የሚቻለው የእስራቱ ዘመን ሰውየው ሲወጣ ሕግ አክብሮ ሠርቶ የሚኖር እንዲሆን ከተሠራበት ብቻ ነው የሚል ነው። ስለዚህ ማረም ለታሳሪው የሚደረግ ምጽዋት ሳይሆን ለሰላማዊው ሕዝብ የሚደረግ ጥበቃ ነው።

የኬንያ ወህኒ ቤቶች ግን ሲመሠረቱ በዚህ አሳብ አልተመሠረቱም። በቅኝ ግዛቱ ዘመን የጎጆ ግብር ያልከፈለ ይታሰር ነበር፤ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላም «ኪፓንዴ» የተባለውን የመታወቂያ ወረቀት ሳይዝ የተገኘ አፍሪካዊ ሠራተኛ ይያዝ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ በኋላ በማው ማው የነፃነት ትግል የተጠረጠሩ እጅግ ብዙ ሰዎች ያለ ፍርድ በየጉረኖው ታጉረዋል። የትግሉ መሪ ደዳን ኪማቲ የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም. በካሚቲ ወህኒ ቤት ተሰቀለ፤ መቃብሩም ምልክት እንዲኖረው አልተደረገም። መጋቢት 3 ቀን 1959 ዓ.ም. በሆላ የእስረኞች ሰፈር አሥራ አንድ ሰዎች በዘበኞች ተደብድበው ሞቱ። የእንግሊዝ መንግሥት በዚያ ዘመን ለተፈጸመው ሥቃይ መጸጸቱን የገለጸውና 5,228 ለሚሆኑ ሰዎች ካሣ ለመክፈል የተስማማው በ2013 ዓ.ም. ነው። ከዚህም ሌላ አገሪቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በፕሬዚዳንትነት የመሩት ጆሞ ኬንያታ ራሳቸው በ1953 ዓ.ም. የሰባት ዓመት እስራት ተፈርዶባቸው፣ ከእኛ ወሰን ብዙም በማይርቀው በሎኪታውንግ በረሃ ታስረው ነበር።

ነፃነት ከተገኘ በኋላም ቤቱ ወዲያው አልተለወጠም። ደራሲው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በ1977 ዓ.ም. መጨረሻ ተይዞ አንድ ዓመት ያህል ያለ ፍርድ በካሚቲ ሲታሰር፣ በኪኩዩ ቋንቋ የደረሰውን ልብ ወለድ የጻፈው በመጸዳጃ ወረቀት ላይ ነበር። በ2000 ዓ.ም. በኒየሪ ከተማ በኪንጎንጎ ወህኒ ቤት ስድስት እስረኞች ሞተው ተገኝተዋል፤ ይህም በአገሪቱ ብርቱ ቍጣ አስነሥቶ ነበር። ግድግዳ በቶሎ ይታደሳል፤ ልማድ ግን ዘመን ይጠይቃል።

የሆነ ሆኖ መልካም የተሠራውን መሸሸግ አይገባም። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ምክትል ፕሬዚዳንትና የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሙዲ አዎሪ የወህኒ ቤቶቹ በር ለጋዜጠኛና ለጎብኚ እንዲከፈት አድርገዋል፤ እስረኛው ፍራሽና ብርድ ልብስ እንዲያገኝ፣ ደህና ልብስ እንዲለብስ፣ በዓለም የሚሆነውን በቴሌቪዥን እንዲከታተል ፈቅደዋል። በካሚቲ እስረኞች የመኪና ሰሌዳ ይሠራሉ፤ አናጢነትና ልብስ ስፌትም ይማራሉ። በካሚቲና በላንጋታ የሴቶች ወህኒ ቤት ከሎንዶን ዩኒቨርሲቲ በተልእኮ ሕግ የተማሩ እስረኞች አሉ፤ እነርሱም የተማሩትን ይዘው ጠበቃ ለሌላቸው ጓደኞቻቸው የይግባኝ ማመልከቻ ይጽፋሉ። የሞት ፍርድን በሚመለከትም፣ በኬንያ ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ የተሰቀለ ሰው የለም። ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ በ2009 ዓ.ም. ከ4,000 የሚበልጡ፣ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታም በ2016 ዓ.ም. 2,747 የሞት ፍርደኞችን ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለውጠዋል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ዳኛ ነፍስ የገደለውን ሰው ሁኔታ ሳይመዝን ሞት እንዲፈርድ የሚያስገድደውን ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋራ የሚቃረን ነው ብሎ ሽሮታል።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ የቀረው ችግር ምንድን ነው? ዋናው መጨናነቅ ነው። መጨናነቁ ደግሞ ወንጀለኛው ስለ በዛ ብቻ የመጣ አይደለም። በናይሮቢ የኢንዱስትሪ ሰፈር በሚባለው ቦታ ያለው ትልቁ ማረፊያ ቤት በአብዛኛው የሚይዘው ገና ያልተፈረደባቸውን ሰዎች ነው። የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 የተያዘ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ ያዛል፤ ከባድ ምክንያት ከሌለም ተመጣጣኝ በሆነ ዋስትና እንዲለቀቅ ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ ዋስትናው ገንዘብ ወይም የመሬት ወይም የመኪና ደብተር የሚጠይቅ ሲሆን፣ መብቱ ለባለጠጋው ይሠራል፤ ድኻው ግን በሩ ተከፍቶለት ሳለ መሻገር አይችልም። የሁለት ሰዎች ክስ አንድ፣ ማስረጃውም አንድ ሆኖ ሳለ፣ አንዱ ከቤቱ እየመጣ ሲከራከር ሌላው ከእስር ቤት እየተጋዘ ይከራከራል።

በአገራችን የቀድሞ ልማድ ስለዚህ ነገር የምናስበው ይኖረናል። በቀድሞ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ ድረስ በአንድ ሰንሰለት «ቁራኛ» ሆነው ይታሰሩ ነበር። ልማዱ ጨካኝ ነበር፤ መመለሱንም የሚመኝ የለም። ነገር ግን ገና ያልተፈረደለት ከሳሽና ገና ያልተፈረደበት ተከሳሽ እኩል መሆናቸውን ያሳይ ነበር፤ ከሳሹም ራሱ ስለሚታሰር ነገሩ በቶሎ እንዲያልቅ ይሻ ነበር። ዛሬ ተከሳሹ ብቻውን ሲታሰር የሚቸኩልለት አይገኝም። ከዚህም ሌላ አባቶቻችን «ዋስ ጥራ» ሲሉ አስቀድሞ የሚጠይቁት ሰው ነበር፤ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የአገሩ ሽማግሌ ስለ እርሱ ቃል ይገባ ነበር። የታመነ ሰው ቃል ከደብተር ጋራ ሊመዘን ይችላል የሚለው አሳብ ለድኻ ተከሳሽ ዛሬም ይጠቅማል።

ሁለተኛው ችግር በትንሽ ጥፋት የሚታሰረው ሰው ብዛት ነው። ያለ ፈቃድ በመንገድ የነገደ፣ ሰክሮ የተገኘ፣ መቀጫ መክፈል ያልቻለ ሰው ለጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ይገባል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አናጢነት አይማርም፤ ነገር ግን ሥራውን ያጣል፣ የቤት ኪራዩ ይጠራቀምበታል፣ ከእርሱ የባሰ ወንጀል ከሠራ ሰው ጋራም ይተዋወቃል። ኬንያ በ1998 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ ከሦስት ዓመት የማይበልጥ እስራት የሚገባውን ጥፋተኛ ዳኛ ወደ ወህኒ ሳይልክ ለሕዝብ በሚጠቅም ሥራ ላይ እንዲሰማራ ሊያዘው ይችላል፤ ችግኝ ይተክላል፣ ትምህርት ቤት ያድሳል፣ ማታ ግን ከልጆቹ ጋራ ያድራል። የአፍሪካ የሰው ልጅና የሕዝቦች መብት ፍርድ ቤትም በታኅሣሥ 2020 ዓ.ም. በሰጠው የምክር አስተያየት፣ ሥራና መኖሪያ የሌለውን ሰው በዚያው ምክንያት ብቻ «ቦዘኔ» ብሎ የሚያስር ሕግ ከአፍሪካ የመብት ቻርተር ጋራ እንደማይስማማ ገልጿል። ድኽነት በእስራት አይታረምምና።

ሦስተኛው ችግር እኛን በቀጥታ ይነካል፤ ይኸውም የቋንቋ ነገር ነው። ከደቡብ ኢትዮጵያ ብዙ ወጣቶች በሞያሌ አልፈው፣ ኬንያንና ታንዛንያን ተሻግረው ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመድረስ ይነሣሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ በመንገድ ወይም በናይሮቢ ጎጆዎች ውስጥ ተደብቀው ሳሉ ይያዛሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኬንያ የዜግነትና የኢሚግሬሽን ሕግ፣ ያለ ፈቃድ በአገሩ የተገኘን ሰው እስከ 500,000 የኬንያ ሽልንግ በሚደርስ መቀጫ ወይም እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም በሁለቱም ያስቀጣዋል። ይህን ያህል ገንዘብ ከየት ያመጣዋል? ያለውን ጥሪት ሁሉ ለደላላ ከፍሎ የመጣ ነውና።

ለምሳሌ ያህል ከሆሳዕና አካባቢ የመጣ አንድ ወጣት በናይሮቢ ችሎት ፊት ቆመ እንበል። ክሱ በእንግሊዝኛ ይነበባል፤ ዳኛው «ጥፋተኛ ነህ ወይስ አይደለህም?» ብለው ያስጠይቁታል። እኛ አገር ልጅ ከትልቅ ሰው ፊት ቀርቦ «አጥፍቻለሁ» ሲል ትሕትናውን መግለጡ ነው፤ ትልቁም ሰው ይህን ሲሰማ ቍጣው ይበርዳል። በችሎት መዝገብ ግን ይኸው ቃል በክሱ ማመን ሆኖ ይጻፋል፤ ፍርዱም ወዲያው ይከተላል። ወጣቱ ግን ምናልባት በጦር ከታመሰ ቀበሌ የሸሸ፣ ጥገኝነት መጠየቅ የሚችል፣ ወይም ዕድሜው ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነ ሊሆን ይችል ነበር። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ተረት እዚህ ላይ እውነተኛ ሆኖ ይገኛል።

የኬንያ ሕገ መንግሥት ይህን አስቦበታል። በአንቀጽ 49 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ያዛል፤ በአንቀጽ 50ም የችሎቱን ቋንቋ የማይሰማ ተከሳሽ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲሰጠው ያዛል። በ1963 ዓ.ም. የተደረገው የቪየና የቆንሲል ስምምነትም፣ የተያዘው የውጭ አገር ሰው ከፈለገ የአገሩ ቆንሲል እንዲያውቅለት ይፈቅዳል፤ መብቱንም ሳይዘገይ እንዲያስታውቁት ያስገድዳል። ስለዚህ የጎደለው አፈጻጸም ነው። እዚህ ላይ አማርኛ የሚማር ሹም ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ተከሳሹ ኢትዮጵያዊ ነውና አማርኛ ይሰማል ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ሐዲይኛ ወይም ከምባትኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው በአማርኛ ሰላምታ ሊሰጥ ይችላል፤ በአማርኛ መከራከር ግን ሌላ ነገር ነው። አስቀድሞ «በየትኛው ቋንቋ ብትናገር ይቀልሃል?» ብሎ መጠየቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሦስት ዓመት እስራት ግን ሦስት ዓመት ነው።

ስለ ቤተሰብም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በኬንያ ሕግ እናቱ የታሰረችበት ሕፃን እስከ አራት ዓመቱ ድረስ አብሯት ሊኖር ይችላል። በላንጋታ የሴቶች ወህኒ ቤት እንዲህ ያሉ ሕፃናት አሉ። ሕፃኑ ምንም አልበደለም፤ ነገር ግን የመጀመሪያ ቃሎቹን የሚማረው ከግንብ ውስጥ ነው። ከእናቱ መለየቱም ጕዳት ነው፤ ከእናቱ ጋራ መታሰሩም ጕዳት ነው። ስለዚህ ዳኛ አንዲትን እናት በትንሽ ጥፋት ከመላኩ በፊት ሁለት ሰው እንደሚልክ ማሰብ ይገባዋል። አባት ሲታሰርም ቢሆን ጠያቂ የሌለው እስረኛ ሲወጣ መሄጃ የለውም። የአገራችን ሰው ለታሰረ ወገኑ ስንቅ ተሸክሞ መሄዱ ምግብ ለማቀበል ብቻ አይደለም፤ «የሰው አገር ሰው አልሆንህም፣ መመለሻ አለህ» ማለቱ ነው። በናይሮቢ የታሰረው መንገደኛ ግን ይህን ቃል የሚልለት ከሌለ ቆንሲሉና በከተማው የሚኖሩ ወገኖቹ ብቻ ይቀሩታል።

ዘበኛውንም መርሳት አይገባም። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. የኬንያ ወህኒ ቤት ዘበኞች ስለ ደመወዛቸውና ስለ አኗኗራቸው ተቃውሞ አሰምተው ሥራ አቁመው ነበር። በዚያው ዓመት በኅዳር በካሚቲ እስረኞች ሲደበደቡ የሚያሳይ ሥዕል በቴሌቪዥን ታይቷል። ድብደባውን ምንም ነገር ንጹሕ አያደርገውም። ነገር ግን ጥቂት ዘበኞች እጅግ ብዙ እስረኞችን እንዲጠብቁ በተደረገበት ቦታ ዱላ የመምህርን ቦታ ይወስዳል። አራሚው ራሱ ደህና ኑሮና ትምህርት ካላገኘ ሌላውን ሊያርም አይችልም።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ፣ «ውጭ ያለው ጨዋ ድኻ ፍራሽ አጥቶ ሳለ በደለኛው ለምን ይሰጠዋል? የተበዳዩስ እንባ?» ይላል። ጥያቄው ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ተበዳይ ፍርድ ማየት አለበት፤ ጨካኝና አደገኛ ሰውም ከሕዝቡ ተለይቶ መጠበቅ አለበት። ይሁን እንጂ ከታሰሩት አብዛኞቹ አንድ ቀን ይወጣሉ፤ በኬንያ ሕግም ከጥቂት ከባድ ፍርዶች በቀር ጠባዩ ያማረ እስረኛ ከእስራቱ አንድ ሦስተኛው ይቀነስለታል። ሲወጣም የሚሄደው ወደዚያው ወደ ተበዳዩ ሰፈር ነው። በሽታ ይዞ፣ ቂም ይዞ፣ ሥራ ሳያውቅ ከተመለሰ ሁለተኛውን በደል የሚቀበለው ያው ድኻ ጎረቤት ነው። ለእስረኛው የተሰጠ ትምህርት ለጎረቤቱ የተሠራ አጥር ነው ብንል ስሕተት አይሆንም።

ስለዚህ ወህኒ ቤት የሚጎበኝ ሹም የግድግዳውን ኖራና የሰልፉን ማማር ብቻ አይቶ አይመለስ። ከዚህ ውስጥ ያልተፈረደባቸው ስንቶች ናቸው? ከተያዙስ ስንት ጊዜ ሆናቸው? መቀጫ መክፈል ስላቃተው ብቻ የገባ አለ ወይ? በችሎት የተነገረውን ሳይሰማ የተፈረደበት አለ ወይ? ባለፈው ወር የወጡት ሰዎች ዛሬ የት ይገኛሉ? ብሎ ይጠይቅ። መልሱ በመዝገብ ተጽፎ ከተገኘ መልካም ነው፤ ካልተገኘም መዝገቡ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንዲከፈት ያድርግ። በናይሮቢ የምትኖሩ ወገኖችም፣ አማርኛም ሌላውንም የአገራችንን ቋንቋ ከስዋሂሊና ከእንግሊዝኛ ጋራ የምታውቁ፣ ቋንቋችሁን በችሎት ለቆመው ወንድማችሁ ማበደር ትችላላችሁ። አንድ ቃል በትክክል ተተርጕሞለት የተፈታ ሰው ወደ እናቱ ቤት በጊዜው ይገባል።